ሳልለጥፈው የቀረሁት ፖስት

ፖስቱን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ፎቶም ነበረው፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ነርስ የመድኃኒት ጋሪ እየገፋች በኮሪደሩ ስታልፍ ከጎን ያነሳኋት ነው። ከላዩ ላይ «እናቴን ልትገድል የነበረችው ነርስ ይቺ ናት፤ ሼር አድርጉ» ብዬ ጽፌያለሁ። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።

አልለጠፍኩትም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ለምን እንዳልለጠፍኩትና ከዚያ በኋላ ስለ ሕክምና ጥራት የተረዳሁትን ነው። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሁላችንም አንድ ቀን ወይ ታካሚ ወይ አስታማሚ መሆናችን ስለማይቀር ጉዳዩን ለሐኪሞች ብቻ የምንተወው አይደለም።

38

ካቻምና ክረምት ነው። እናቴ የሳንባ ምች ይዟት አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተኛች። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቷ በርዶ፣ ሾርባ መጠጣት ጀምራ፣ «መቼ ነው የምንወጣው?» እያለች ትነጫነጭ ነበር። እኛ ቤት መነጫነጭ የመዳን ምልክት ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ሲል ሻይና ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ሰልፍ ነበረ፤ ቆየሁ። ስመለስ እናቴ በላብ ተጠምቃለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። እኔን በሟቹ ወንድሟ ስም ትጠራኛለች። ጮህኩ።

ሁለት ሰዎች ሮጠው መጡ፤ አንዱ ተረኛው ሐኪም፣ ሌላዋ ሌሊቱን ያደረችው ነርስ። ነርሷ እናቴን አየች፤ በእጇ የያዘችውን ዝርዝር አየች፤ የአልጋውን ቁጥር አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ሁሉም እየሰማ «ኢንሱሊን ወግቻቸዋለሁ! ስኳራቸውን ለኩ!» አለች። የእናቴን ጣት ወግተው ለኩ፤ 38። ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል። ወዲያው በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጧት። ጥቂት ደቂቃ ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና «ምነው፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?» አለች።

እናቴ የስኳር ሕመም የለባትም። መርፌው የሌላ ታካሚ ነበር። እዚያው ክፍል ውስጥ በስምም በአባት ስምም ከእናቴ ጋር አንድ የሆኑ ሌላ እናት ተኝተው ነበር። የእናቴ ስም በሰፈራችን ብቻ ሦስት ሴቶች የሚጠሩበት ስም ነው፤ የአያቴም ስም እንደዚያው። እኚያ እናት ደግሞ የስኳር ታካሚ ሆነው ሳለ ያን ጠዋት መድኃኒታቸውን ሳያገኙ ቀሩ። ሁለት ሰው በአንድ ስህተት።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ስትረጋጋ የእኔ ንዴት ተነሳ። ፎቶውን ያነሳሁት ያኔ ነው። ጽፌ ስጨርስ እናቴ «ምን ይዘህ ነው እንደዚህ የምትተነፍሰው?» አለችኝ። አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና እንዲህ አለች፦

«እሷ ባትናገር ኖሮ ምን ልትጽፍ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ነርሷ ዝም ብትል ሐኪሙ ከትኩሳቷ ነው ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር። ምርመራ እስኪታዘዝ ምን ያህል ደቂቃ እንደሚያልፍ እግዜር ይወቀው። እናቴን ለአደጋ ያጋለጣት የነርሷ እጅ ነው፤ ያተረፋት ደግሞ የነርሷ አፍ። እኔ ደግሞ ይቺን ሰው በስንት ሺህ ሰው ፊት ላዋርዳት ነበር። የእኔን ፖስት ያየ ሌላ ነርስ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሳሳት ምን ይማራል? ዝም ማለትን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ይሄ ተረት ለታካሚ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለሆስፒታልም ይሠራል።

እንጀራ ላይ እንጀራ

ፎቶውን አጠፋሁት። ንዴቴ ግን አልጠፋም ነበር፤ የት ልውሰደው? አንድ የጽዳት ሠራተኛ «ጥራት ክፍል ሂድ» አለችኝ። እንደዚህ የሚባል ቢሮ መኖሩን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከካርድ ክፍሉ ጀርባ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የተሳሉ ግራፎች። ኃላፊዋ በነርስነት ብዙ ዓመት የሠሩ ሴት ናቸው። «ሲስተር፣ አቤቱታ አለኝ» አልኳቸው። «ተቀመጥ ወንድሜ። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። ማን እንዳደረገው ሳይሆን ምን እንደሆነ፤ በሰዓት በሰዓቱ» አሉኝ።

ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝና ያጣሩትን አስረዱኝ። የሆነው እንዲህ ነው።

አንደኛ፦ ሁለት ስማቸው አንድ የሆኑ ታካሚዎች አንድ ክፍል ተኝተዋል። ይሄን የሚያስጠነቅቅ ምንም ምልክት በካርዳቸውም ሆነ በአልጋቸው ላይ አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ታካሚ እጅ ላይ የሚታሰረው የስም መለያ አልቆ ከርሟል። ስለዚህ ሰው የሚታወቀው በአልጋ ቁጥሩ ነው።

ሦስተኛ፦ ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት የሁለቱ እናቶች አልጋ ተቀያይሯል። ለውጡ ዝርዝሩ ላይ አልተጻፈም።

አራተኛ፦ ሌሊቱን ለ31 ታካሚ ሁለት ነርስ ተመድቦ ነበር። አንደኛዋ ሪፈር የተጻፈለት ታካሚ ይዛ በአምቡላንስ ወጥታለች። የቀረችው አንድ ነርስ ናት።

አምስተኛ፦ ነርሷ መርፌውን ከመውጋቷ በፊት ስም ጠርታለች። እናቴም «አቤት» ብላለች።

ሦስተኛው ላይ አቋረጥኳቸው። «ሲስተር፣ አልጋውን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ።» የእናቴ አልጋ መስኮት ሥር ነበር፤ መስኮቱ አይገጥምም፤ የክረምት ንፋስ ይገባል። የማታዋን ተረኛ ለመንኳት። ደግ ሰው ናት፤ እኚያን እናት አስፈቅዳ፣ እሳቸውም «ለእኔ ንፋሱ ይሻለኛል» ብለው፣ እኔው ራሴ ዕቃ ተሸክሜ አቀያየርኩ። ሁላችንም መልካም ነገር የሠራን መስሎን ተኛን።

ሲስተሯ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «አየህ፣ የመጀመሪያውን ቀን ‹ማነው ጥፋተኛው?› ብዬህ ቢሆን ኖሮ ይሄን አትነግረኝም ነበር።»

ጄምስ ሪዝን የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ምሁር አደጋ እንዴት እንደሚፈጠር በአይብ ቁራጮች ያስረዳ ነበር። እሱ የሚለው ዓይነት አይብ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነው። የእኛ አይብ ቀዳዳ ስለሌለው ሲስተሯ በእንጀራ ነው የሚያስረዱት። ዓይናም እንጀራ ደራርባችሁ ወደ ብርሃን አንሡት በሉ። የአንዱ ዓይን በሌላው ይሸፈናል፤ ብርሃን አያልፍም። አንዳንድ ቀን ግን የሁሉም ዓይን ፊት ለፊት ይገጥምና ብርሃኑ ጥርት ብሎ ያልፋል። ያን ጠዋት አምስት እንጀራ ላይ አምስት ዓይን ገጠመ። መጨረሻው እንጀራ ላይ የተገኘችው ነርሷ ናት፤ ፖስቱ ላይ ፎቶዋ የወጣው ለዚያ ነው። አራቱ ግን እሷ ከመድረሷ በፊት ተደርድረው ነበር፤ አንዱን ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ።

ብሪስቶል

ይሄ ሲስተሯ የሠሩት ሥራ ስም አለው። ክሊኒካል ገቨርናንስ ይሉታል። ስሙ ከባድ ነው፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው፦ የሕክምና ጥራት የአንድ ጎበዝ ሐኪም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ተቋሙ በሙሉ፣ ከአለቃው ጀምሮ፣ የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው ማለት ነው። ሆስፒታል ስለ ገንዘቡ ሒሳብ እንደሚያቀርብ ሁሉ ስለ ታካሚዎቹ ደኅንነትም ሒሳብ ያቅርብ ነው ነገሩ።

ሐሳቡ ስም ያገኘው በእንግሊዝ ነው፤ የመጣውም በሐዘን ነው። በብሪስቶል ከተማ በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 እዚያ ሥራ የጀመረ ስቲቨን ቦልሲን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም ቀዶ ሕክምናዎቹ ከሌላ ቦታ የበለጠ እንደሚረዝሙ፣ ሕፃናቱም ከሌላ ቦታ የበለጠ እንደሚሞቱ አስተዋለ። ምን አደረገ? ቆጠረ። ቁጥሩን ይዞ ለኃላፊዎቹ ተናገረ። ለዓመታት ሰሚ አላገኘም። በመጨረሻ አገሩን ትቶ ወደ አውስትራሊያ ሄደ።

ጉዳዩ ከወጣ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ሪፖርቱን አወጣ። ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት፣ በሌላ ተመሳሳይ ቦታ ቢታከሙ ኖሮ ከሚጠበቀው በላይ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት እንደሞቱ ገለጸ። ስለ ባለሙያዎቹ የተጻፈው ነው እኔን ያስደነገጠኝ። አብዛኞቹ ክፉዎች አልነበሩም። ለታካሚ የሚያስቡ፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። ግን ውጤቱን የሚቆጥር፣ ከሌላው ጋር የሚያወዳድር፣ ችግር አለ ሲባል የሚሰማ አሠራር አልነበረም። ጥሩ ሰዎች በመጥፎ አሠራር ውስጥ ሆነው ሕፃናት ሞቱ።

የእንግሊዝ መንግሥት ክሊኒካል ገቨርናንስ የሚለውን ሐሳብ በ1990ዎቹ መጨረሻ አወጣ፤ በ1999 በወጣው የጤና ሕግ ደግሞ ጥራትን መጠበቅ የሆስፒታሎች ሕጋዊ ግዴታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሎች ሊሠሯቸው የሚገቡ ነገሮች ተዘረዘሩ፦ ውጤትን መቁጠርና ከመመዘኛ ጋር ማነጻጸር፣ ስህተትን መዝግቦ መንስኤውን መፈለግ፣ ባለሙያን ማሠልጠን፣ የታካሚን አቤቱታ መስማት።

ሞባይልና ሆስፒታል

አሁን ኢኮኖሚክሴን ላውጣ። ያገለገለ ሞባይል ስትገዙ ምን ታደርጋላችሁ? ስክሪኑን ታያላችሁ፣ ካሜራውን ትሞክራላችሁ፣ የባትሪውን ጤንነት ታረጋግጣላችሁ፣ አንድ «የሚያውቅ» ጓደኛ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሻጩ ከእናንተ የበለጠ እንደሚያውቅ ስለገባችሁ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ የጻፈው ጽሑፍ ታዋቂ የሆነው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ገበያው ራሱ ይበላሻል። ከእሱ በፊት በ1963 ኬኔት አሮው ሕክምና ከሁሉም የባሰ እንደዚህ ያለ ገበያ መሆኑን ጽፏል።

ሆስፒታልን መሞከር አትችሉም። ሲያማችሁ ነው የምትሄዱት፤ ታማችሁ ደግሞ አታወዳድሩም። ከዳናችሁም በሐኪሙ ይሁን በራሳችሁ አካል አታውቁም። እኛ ለዚህ ያገኘነው መፍትሔ አንድ ነው፦ ዘመድ። «እዚያ ሆስፒታል የምታውቂው ሰው አለ?» ነው የመጀመሪያው ጥያቄያችን። እኔም እናቴን ሳስተኛ የደወልኩት ለክፍል ጓደኛዬ አጎት ነው። አልጋ አገኘንበት። የአልጋ ቁጥሩ ሲቀየር ግን የጓደኛዬ አጎት አልነበሩም። ዘመድ በር ያስገባል፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የመድኃኒት ዝርዝር አያስተካክልም።

በሌላ አነጋገር ግለሰቡ ብቻውን ሊፈትሸው የማይችለውን ነገር ተቋሙ ራሱ መፈተሽ አለበት። የጥራት ክፍል ማለት ሁላችንም በጋራ ያለን «የሚያውቅ ጓደኛ» ነው።

አንድ ወረቀት

«ይሄ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው፤ እኛ ጓንት አጥተን» የሚል አይጠፋም። እኔም ያልኩት እንደዛ ነበር። ሲስተሯ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት አሳዩኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ ነው፤ 19 ነጥቦች አሉት። ታካሚው ማነው? የሚሠራው የትኛው የሰውነት ክፍል ነው? አለርጂ አለው? ከመዘጋቱ በፊት መሣሪያና ጨርቅ ተቆጥሯል? እያንዳንዱን ድምፅ አውጥተው ይጠያየቃሉ። ይሄ ወረቀት በስምንት ከተሞች ተሞክሯል፤ ሲያትል፣ ቶሮንቶና ለንደን ብቻ አይደሉም፤ ማኒላ፣ ኒው ዴልሂና የታንዛኒያዋ ኢፋካራም ነበሩበት። በ2009 በወጣው ውጤት መሠረት የሞት መጠኑ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ ከባድ የጤና እክል ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። አዲስ ማሽን የለም፣ አዲስ መድኃኒት የለም። አንድ ወረቀትና ድምፅ አውጥቶ መጠየቅ።

በነገራችን ላይ ይሄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ2018 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች በዓመት 8.6 ሚሊዮን ሰው ሕክምና ሊያድነው በሚችል በሽታ እንደሚሞት ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ 3.6 ሚሊዮኑ ሕክምና ስላላገኙ ነው። 5 ሚሊዮኑ ግን ወደ ጤና ተቋም ደርሰው፣ ያገኙት ሕክምና ጥራት ስለጎደለው ነው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሐኪም ቤት ባለመድረስ ከሚሞተው ይልቅ ደርሶ የሚሞተው ይበልጣል።

እኛ አገር

የእኛ አገር የጤና ታሪክ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በአብዛኛው «የመድረስ» ታሪክ ነው፤ በዚህም ብዙ ተሠርቷል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረው 871 በ2016 ወደ 412 ወርደዋል።

ጥራትም ቢሆን ከነጭራሹ አልተረሳም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች ሪፎርም መመሪያ ስለ ጥራት አስተዳደር ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። በ2012 ሆስፒታሎች አንዱ ከሌላው እንዲማር የጥራት ጥምረት ተመሠረተ። በ2016 ደግሞ የመጀመሪያው ብሔራዊ የጤና ጥራት ስትራቴጂ ወጣ። እኔ የሄድኩበት ቢሮ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ግን ግድግዳ ላይ በብዛት የምናየው መፈክር የትኛው ነው? «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ»። ጥሩ ነው፤ ማነው የማይፈልገው? ችግሩ መፈክሩ የሚናገረው ስለ ሰው ጠባይ ነው። አልጋውን የቀየረችልኝ ነርስ ሩኅሩኅ ነበረች። ስም የጠራችው ነርስ አክባሪ ነበረች፤ «እማማ» ብላ ነው የጠራቻት። ርኅራኄውም አክብሮቱም ነበር፤ የጎደለው ለውጡ የሚጻፍበት አንድ መስመር ነው።

እና ማንም አይጠየቅም?

ይሄን ጉዳይ ለጓደኞቼ ሳወራ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። «ሁሉም ሲስተም ነው ከተባለ ማን ሊቀጣ ነው?» ጥያቄው ትክክል ነው። ሲስተሯን ጠየቅኳቸው። ሦስት ነገር ለያዩልኝ። እንደ እኔ እናት ጉዳይ ማንም ቢሆን ሊሳሳት የሚችልበት ስህተት አለ፤ ሰውየው ይጽናናል፣ አሠራሩ ይስተካከላል። ሥራ ለማቃለል የተለመደ አቋራጭ አለ፤ ሰውየው ይመከራል፣ አቋራጩ ለምን እንደተለመደ ይጠየቃል። ሰክሮ ተረኛ መግባት፣ ጉቦ መጠየቅ፣ አውቆ ታካሚን መጣል ደግሞ አለ፤ ይሄ ይቀጣል፣ ፈቃድም ያስነጥቃል። ሦስቱን አንድ ላይ ከቀላቀልናቸው ጥፋተኛው ከንጹሑ ጋር ይደበቃል።

አራተኛም አለ፤ ይሄን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የእጅ መለያ አልቆ ወራት ሲቆጠር ግዢ ያልፈጸመ፣ 31 ታካሚ ለሁለት ነርስ የመደበ አለቃ። ክሊኒካል ገቨርናንስ ቁምነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄው ወደ ላይም ይወጣል። የእኔ ፖስት የሚያገኘው ግን ታች ያለችውን ብቻ ነበር።

11 ከ14

ሆስፒታሉ ምን ለወጠ? ሦስት ነገር። የእጅ መለያው እስኪገዛ በፕላስተር ላይ በማርከር ስም እስከ አያትና የካርድ ቁጥር እየተጻፈ አንጓ ላይ ይለጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ታካሚ ቢያንስ በሁለት መለያ እንዲታወቅ ይመክራል። በሌላው አገር ስምና የትውልድ ቀን ነው፤ የእናቴን የትውልድ ቀን ግን እናቴም አታውቀውም፤ ስለዚህ የካርድ ቁጥር ሆነ። ሁለተኛ፣ አልጋ ሲቀየር የሚጻፍበት ሰሌዳ በር ላይ ተሰቀለ። ሦስተኛ፣ ነርሶች ስም አይጠሩም፤ ይጠይቃሉ። «እማማ እከሊት?» ሲሏት የታመመች እናት ስሟ ባይሆንም «አቤት» ልትል ትችላለች፤ ጨዋነት ነው። «ስምዎን ይንገሩኝ» ሲባል ግን መልሱ ከእሷው መምጣት አለበት።

ከሦስት ወር በኋላ ጎረቤታችን እዚያው ክፍል ተኝተው ላስታምም አደርኩ። ጠዋት መድኃኒት ሲታደል ቆጠርኩ። ከ14 ጊዜ 11ዱን ስም ጠይቀዋል። 3 ጊዜ ከእግርጌ ቆመው ስም ጠርተዋል። ለሲስተሯ ነገርኳቸው። «ኦዲት አደረግክብና!» አሉና 11/14 ብለው ጻፉት። ከዚያ በፊት ስንት እንደነበር ማንም ቆጥሮት አያውቅም። አንድ ነርስም ከአሥራ አራቱ ሰባቱን ስትጠይቅ አየኋት። ያቺው ነበረች። እስከ አያት እየጠየቀች፣ ፕላስተሩን እያነበበች። አወቀችኝ፤ «እማማ ደህና ናቸው?» አለችኝ። ስለ ፖስቱ አልነገርኳትም። ዛሬ ካነበበችው እዚህ ጋ ይቅርታ ልበላት።

የሆስፒታሉን ስም ያልጠቀስኩትም ለዚሁ ነው። ስህተቱን ከፍቶ ያሳየኝን ሆስፒታል ስሙን ባጠፋ፣ የሚደብቀው ሆስፒታል ሊሳለቅብን ነው።

እናንተስ? ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፤ ለነርስ ፎቶ ማንሻ ብቻ አታድርጉት። የቤተሰባችሁን የአለርጂና የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ጻፉበት። የመድኃኒት ማዘዣን ፎቶ አንሡ። መርፌ ሲመጣ «ይሄ ለምንድን ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም። አንድ ነገር ከተበላሸ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአልጋ ቁጥሩን መዝግባችሁ የጥራት ክፍሉን ፈልጉ። «የለም» ከተባላችሁ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፤ ለምን እንደሌለ ጠይቁ።

እናቴ ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ካርዱን እያየ «እማማ እከሊት ነዎት?» አላት። «አንተ ልጅ፣ እንደሱ አይጠየቅም» ብላ ስሟን፣ የአባቷን፣ የአያቷን፣ ሳታቋርጥ የቅድመ አያቷን ነገረችው። ልጁ እየሳቀ ሁሉንም ከካርዱ ጋር አመሳከረ።